ለአንድ ሰው የሚሆን ድንኳን

ትልቁ ድንኳን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ አሮጌ አንሶላ ተተረተረ። የውኃ መስመር የሚቀይሰው ቡድን ለዓመታት ይዞት የዞረ፣ ፀሐይ ያነጣው፣ እዚህም እዚያም የተጣፈ ሸራ ነበር። ነፋሱ ጋብ ሲል ሹፌሩ የተቀደደውን ጨርቅ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ፣ «እንግዲህ ነፍስ ይማር፤ ሲያገለግለን ኖሯል» አለ። ሽማግሌው ዘንግ ያዥ ሳቁ። ቀያሹ አልሳቀም። እንዲያውም ከትከሻው ላይ አንድ ነገር የወረደለት ያህል ቀለል አለው፤ ግን ይህን ለማንም አልተናገረም።

በዚያ ድንኳን ውስጥ የሚያድሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ሹፌሩ ነው፤ ሲነቃ ያወራል፣ ሲተኛ ያንኮራፋል፤ ዝም የሚልበት ሰዓት የለውም። ሁለተኛው ዘንግ ያዡ ናቸው። ሥራቸው ቁጥር የተጻፈበትን ረጅም ዘንግ ተሸክመው ሜዳውን ማቋረጥና ቀያሹ በእጁ ምልክት ባሳያቸው ቦታ ዘንጉን ማቆም ነው። ቀያሹ ከሩቅ በመሣሪያው ሌንስ አጮልቆ ቁጥሩን ያነባል። ዘንጉ ጥቂት ካዘነበለ ልኬቱ ይበላሻል። የእኚህ ሰው ዘንግ አዘንብሎ ስለማያውቅ «ጋሼ ቀጥ» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ሦስተኛው ራሱ ቀያሹ ነው።

የጋሼ ቀጥ ጉልበት ብርድ አይችልም። ራት ከተበላ በኋላ ከምድጃው ፍም በወተት ዱቄት ጣሳ ይዘው ወደ ድንኳኑ ይገባሉ። ሹፌሩ ደግሞ ምንጊዜም ያያቸዋል።

«ጋሼ፣ ሊጠብሱን ነው?»

«ጭስ የለውም እኮ! ነዶ ነዶ ያለቀለት ፍም ነው።»

«ጭስ ባይኖረውስ? ራሴን ነው የሚያዞረኝ። ያውጡት!»

«አንተ በዚህ ስብህ ብርዱ በየት በኩል ይገባሃል? እኔን እየኝ እንጂ፣ አጥንት ብቻ።»

«ቅናት ነው እሱ። ያውጡት ብያለሁ ጋሼ፣ አለበለዚያ እኔና ጣሳው አንድ ላይ ነው የምንወጣው!»

ጣሳው ይወጣል። በማግስቱ ይገባል፤ ያው ጭቅጭቅ ይነሣል፤ ጣሳው ይወጣል። ቀያሹ ይህን ሁሉ ፊቱን ወደ ሸራው አዙሮ ይሰማል። በልቡ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ምናለ አንድ ቀን እንኳ ዝም ብትሉልኝ።

ሰው ጠል ሆኖ አይደለም። እናቱን ከቀበረ ገና ዓመት አልሞላውም። ከእሷ ጋር ይኖርበት በነበረው የኪራይ ቤት አሁን ብቻውን ነው። ከቀብሩ ወዲህ ያገኘው ሰው ሁሉ «በረታህ?» ይለዋል፤ እሱም «በርትቻለሁ» ይላል። ቀስ በቀስ ግን ጥያቄውን ለማምለጥ ሲል ጠያቂዎቹን ማምለጥ ለመደ።

ወደ መሥሪያ ቤት ሲመለሱ የንብረት ክፍል ኃላፊዋ አስጠራችው።

«ከእንግዲህ ያን የመሰለ ትልቅ ድንኳን አንገዛም፤ ብቻውን የመኪናውን ግማሽ ይይዛል» አለችው። «አሁን ትናንሽ፣ ተጣጣፊ መጠለያዎች መጥተዋል። ሄደህ ለሦስታችሁ የሚሆነውን ምረጥ። ደግሞ አስቀድመህ ሰዎችህን ጠይቃቸው።»

«ምኑ ይጠየቃል? መኝታ መኝታ ነው።»

«እንደሱማ አይባልም! የኔ ባል ትራስ ሲቀየርበት እንኳ ሳምንቱን ሙሉ ያኮርፋል።»

ፈገግ ብሎ ወጣ። አልጠየቃቸውም። መጠየቅ ማለት ቁጭ ብሎ ማውራት ነው፤ ማውራት ከተጀመረ ደግሞ ሹፌሩ «እስቲ አንተስ እንዴት ነህ?» ማለቱ አይቀርም።

የተላከበት ሱቅ ፎቅ ላይ ነው። የመስክ ጫማ፣ ጀሪካን፣ ባትሪ፣ ገመድ ይሸጣል። ከኋላ ባለው ሰፊ ክፍል፣ በነጭ መብራት ሥር፣ በተወለወለ ወለል ላይ መጠለያዎቹ ተተክለዋል። ነፋስ የለም፣ ጠጠር የለም፣ ብርድ የለም፤ ሁሉም ያማሩት በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ሻጯ ጫማዋን አውልቃ እያንዳንዱ ውስጥ እየገባች የምታሳይ ልጅ ነበረች።

«ይኼ ጥቅል ድንኳን ነው» አለችው። «ሸራው ወፍራም ነው፣ ፍራሹ እውስጡ አለ። መሬት ላይ ዘርግተው፣ ራስጌና ግርጌው ላይ እነዚህን ቅስት ብረቶች አቁመው ዚፑን መሳብ ነው። ጠዋት ከነብርድ ልብሱ ጠቅልለው ያስሩታል። ነፋስ አይጥለውም። ጉዳቱ መሬት ላይ ነዎት፤ የመሬቱ ብርድ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይመጣል። ለመግባትም ለመውጣትም መንበርከክ አለ።»

«ያኛውስ?»

«ባለአልጋ ነው። ተጣጣፊ አልጋ ላይ ድንኳኑ ተሰፍቶበታል። ዝናብ ቢመጣ ውኃው በሥር ያልፋል። ወገብ ወይም ጉልበት ለሚያመው ሰው ከዚህ የተሻለ የለኝም፤ ጫፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ያደርጋል። ከበድ ይላል እንጂ። ደግሞ ነፋስ በሥሩ ስለሚገባ ከጀርባ ወፈር ያለ ምንጣፍ ይፈልጋል።» ቀጥላ ለሁለት ሰው የሚሆን ቀላል ድንኳን አሳየችው፤ ችካሉ በደንብ ካልተመታ ነፋስ እንደሚያነሣው ሳትደብቅ ነገረችው። ከጥግ ወደተሰቀለው የገመድ አልጋ ዘወር አለች። «የምትሠሩበት ቦታ ዛፍ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው እሱን ይርሱት፤ ደመና ላይ አይታሰርም።» ሳቀች። እሱ አለመሳቁን ስታይ ወደ ቁም ነገሩ ተመለሰች። «የሚተኙት እነማን ናቸው?»

«ሠራተኞች።»

«ሠራተኛማ ሠራተኛ ነው። በዕድሜ የገፋ አለ? ብርድ የማይችል አለ?»

ጋሼ ቀጥ ጉልበታቸውን ሲያሹ ለአፍታ በዓይነ ሕሊናው ታዩት። ሆኖም «ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን» አለና ጥቅሉ ውስጥ ገብቶ ተንጋለለ። ልጅቷ ዚፑን ሳበችው። የሱቁ ሙዚቃ ራቀ፣ የሰው ድምፅ ራቀ፣ መብራቱ በሸራው በኩል የማለዳ ብርሃን መሰለ። የራሱን ትንፋሽ ሰማ። እዚህ ውስጥ «በረታህ?» የሚለው ሰው የለም። እዚያው ቢተዉት ደስ ባለው።

ሲወጣ «ሦስት ስጪኝ፤ ከዚህ» አለ።

«አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎ» አለች እየጠቀለለች። «ይኼ ከራስጌ ያለው መረብ የአየር መግቢያ ነው፤ ብርድ ነው ብሎ የሚዘጋው ሰው እንዳይኖር። ፍምም ሆነ ምድጃ በጭራሽ ወደ ውስጥ አይገባም። ጭስ ባይኖረውም ይገድላል፤ ሽታ የለው፣ ድምፅ የለው። ለሁሉም ይንገሩልኝ።»

«እሺ» አለ። መኪናው ላይ ይበቃ እንደሆነ ለማወቅ የጥቅሉን ወርድ በሜትር እየለካ ነበር። ልኬቱን አልረሳውም። የተባለውን ግን ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ ረሳው።

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ሹፌሩ ጥቅሉን ዘርግቶ፣ ዙሪያውን አይቶ፣ ውስጡ ገብቶ እጁን ደረቱ ላይ አጣመረ።

«አለቃ፣ በቁሜ ልትከፍነኝ ነው? ጋሼ፣ ይምጡና ይገንዙኝ!»

«ተነሥ አንተ፣ ሟርት አትጥራ» አሉ ጋሼ ቀጥ። ጎንበስ ብለው ፍራሹን በመዳፋቸው ተጫኑት፤ ከዚያ አጠገቡ ያለውን መሬት ነኩ። «ጥሩ ነው። የራስ ቤት ማለት ነው» አሉ። ወደ ውስጥ ለመግባት ግን የመለኪያ ዘንጋቸውን እንደ ምርኩዝ ተደግፈው፣ አንድ ጉልበት፣ ከዚያ ሌላውን፣ በዝግታ ማጠፍ ነበረባቸው። ቀያሹ ጀርባውን ሰጥቶ የራሱን ቦታ በዓይኑ እየለካ ነበር።

«ራቅ ራቅ አድርገን እንትከል፤ ማንም ማንንም እንዳይረብሽ» አለ። የሹፌሩ ከመኪናው ጎን፣ የጋሼ ቀጥ ከምድጃው ማዶ፣ የእሱ ደግሞ ከሁሉም ራቅ ብላ ከፍ ባለች ቦታ ላይ ሆነ።

ራት ተበላ። ሹፌሩ አንድ ወሬ ጀመረ፣ ግን ብርዱ በየፊናቸው በተናቸው። ሦስት ዚፕ በየተራ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ነፋሱ ብቻ ቀረ።

ቀያሹ የተመኘውን ዝምታ አገኘ። ለጥቂት ቀናት ጣፈጠው። ቀጥሎ ግን ዝምታው ራሱ ቦታ መያዝ ጀመረ፤ ከሸራው ሥር ከእሱ ጋር ይተኛል፣ ሲገላበጥ ይገላበጣል። እናቱ በመጨረሻዎቹ ቀናት «ልጄ፣ አለህ?» እያለች ትጣራ የነበረው ትዝ ይለዋል። አሁን «አለህ?» የሚለው የለም። አንዳንዴ የሹፌሩ ማንኮራፋት ይሰማ እንደሆነ ጆሮውን ሲያቆም ራሱን ያገኘዋል፤ ያፍርና ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ይስባል።

በሥራ ላይም ቢሆን ብዙ አይነጋገሩም፤ የቅየሳ ባሕርይ ነው። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ማዶ ሆኖ በእጅ ምልክት ይግባባሉ። ቀያሹ በሌንሱ ሲያይ ጋሼ ቀጥ አፍንጫው ሥር የቆሙ ያህል ይቀርቡታል። ነገር ግን የሚያየው ዘንጉን ነው፤ ከዘንጉ በስተኋላ ያለውን ፊት አይቶት አያውቅም።

አንድ ቀን ዘንጉ ተንቀጠቀጠ። ቀያሹ ዓይኑን ጠረገና ደግሞ አየ። አዘንብሏል። እጁን አንሥቶ «ይቅና!» የሚለውን ምልክት አሳየ። ቀና፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና አዘነበለ። በምሳ ሰዓት ሹፌሩ ቀያሹን ለብቻው ጠራው።

«ጋሼ ፊታቸው ልክ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ራሴን ያመኛል፣ ያቅለሸልሸኛል ይላሉ። ዳቦውን እንኳ ነካ አድርገው ነው የሚተዉት።»

«ዕድሜ ነው። ይተኙ እንጂ በጊዜ።»

«ምን እንደሚያደርጉ ማን ያውቃል አሁን! ድሮ ቢያንስ እንጨቃጨቅ ነበር። አንተ ብትጠይቃቸው ይነግሩሃል፣ ያከብሩሃል።»

«ማታ እጠይቃቸዋለሁ።»

ማታ ብርድ ሆነ። ጋሼ ቀጥ ቀድመው ገቡ። ቀያሹ በዚያ ሲያልፍ የዚፑን ድምፅ ሰማና ልረብሻቸው አይገባም ብሎ ወደ ራሱ አለፈ። ጨዋነት መሰለው።

በማግስቱ ማለዳ ቀያሹ ብቻውን ተነሥቶ መሣሪያውን ከጉብታው ላይ ተከለ። ሹፌሩ ውኃ ሊቀዳ ወርዷል። ቀያሹ ሌንሱን ጋሼ ቀጥ ሊቆሙበት ወደሚገባው ቦታ አዞረ። ሰው የለም። ጠበቀ። ተናደደ። ደግሞ ጠበቀ። በመጨረሻ ሌንሱን ወደ መኝታቸው አዞረው።

ሸራው ዝግ ነው። ዚፑ እስከ መጨረሻው ተስቧል፤ ከታች ብቻ አንድ የጫማ ማሰሪያ ተይዞበት በጠባብ ክፍተት ወጥቷል። የራስጌው መረብ በፎጣ ተወትፏል። በሌንሱ ውስጥ ሁሉም ነገር ፊቱ ላይ ነው፤ እጁን ቢዘረጋ የሚነካው ይመስላል። ያን ፎጣ ሲያይ የሻጯ ቃል እንዳለ ተመለሰለት። «ሽታ የለው፣ ድምፅ የለው።»

«ጋሼ!» ብሎ ጮኸ። ነፋሱ ድምፁን ወደ ኋላው መለሰው። መሣሪያውን እዚያው ጥሎ ሮጠ። በሌንሱ ያን ያህል ቅርብ የነበረው በእግር ሲሮጡት የማይደረስበት ሆነ። ራሱ ነበር ያራራቃቸው። እየሮጠ ይጮሃል፤ ሹፌሩ ባልዲውን ጥሎ ከታች ሲመጣ አየው።

ዚፑን በጥሰው ከፈቱት። ለብ ያለ አየር ፊታቸውን መታቸው። ግርጌው ላይ፣ ከጫማው አጠገብ፣ ጣሳው ተቀምጧል፤ ፍሙ አመድ ለብሶ ገና አልጠፋም። ጋሼ ቀጥ በጎናቸው ተኝተዋል፣ አፋቸው ተከፍቷል። በብርድ ልብሱ ጎትተው ወደ ነፋሱ አወጧቸው።

«ጋሼ! ጋሼ ይንቁ! ኧረ ጋሼ፣ ይሳደቡ እንጂ!» ይላል ሹፌሩ ጉንጫቸውን እየመታ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኗል። ቀያሹ ጆሮውን ወደ አፋቸው አስጠጋ። ትንፋሽ አለ፤ ትንሽ፣ የተቆራረጠ።

ጤና ጣቢያ እስኪደርሱ ቀያሹ ከኋላ ተቀምጦ ጭንቅላታቸውን በጭኑ ላይ ይዞ ነበር። የአንድን ሰው ጭንቅላት ከያዘ ቆይቷል። ከባድ ነው የሰው ጭንቅላት። ፊታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየው፤ ቅንድባቸው ላይ አንድ አሮጌ ጠባሳ አለ፤ ከየት እንዳገኙት አያውቅም።

ነርሷ የኦክስጅን ጭንብሉን አጥልቃላቸው ቶሎ ቶሎ ትጠይቅ ጀመር።

«አብሯቸው የሚተኛ ማን ነው?»

«ማንም» አለ ቀያሹ።

«መቼ ነው ራሳቸውን የሳቱት?»

«አላውቅም።»

«ከዚህ በፊት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ነበራቸው?»

ቀያሹ አፉን ከፈተ። መልሱን ያውቀዋል፤ ትናንት ምሳ ላይ ተነግሮታል። ግን አልወጣም።

«ነበራቸው» አለ ሹፌሩ ወደ መሬት እያየ። «ለቀናት ነበራቸው።»

ሹፌሩ እንዴት እንዳገኟቸው ሲነግራት ነርሷ ሁለቱንም አየቻቸው። «ያ ማሰሪያ ዚፑ ላይ ተይዞ አየር ባያስገባ ኖሮ አሁን ሌላ ነገር ነበር የምናወራው» አለች፤ ከዚያ በኋላ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላከቻቸው።

የጋሼ ቀጥ ባለቤት በፕላስቲክ ከረጢት ልብስ ይዘው ሲደርሱ ቀያሹ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። የሚወረወርበትን ሁሉ ለመቀበል ተዘጋጅቶ ነበር።

«ማነው ያገኘው?» አሉ።

«እኔ ነኝ እናቴ።»

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ።» እጁን ይዘው ሳሙት። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

አግዳሚው ላይ አጠገቡ ተቀመጡ። «አየህ፣ ቤት ሲሆን እኔ አለሁ» አሉ፤ ለእሱም ለራሳቸውም የሚናገሩ ይመስላሉ። «ሲያንኮራፋ ጎኑን እነካዋለሁ። ዝም ሲል ደግሞ ይበልጥ እነካዋለሁ። ይቆጣኛል፣ ‹ምናለ ብታስተኚኝ› ይለኛል። መስክ ሲወጣ ‹እዚያስ ማን ይነካሃል?› ስለው፣ ‹ሹፌሩ አለ፣ እሱ ሲጨቀጭቀኝ ነው የሚውለው› ይለኛል። እኔም በእሱ ነበር የምጽናና።»

ቀያሹ ከረጢቱን ከእጃቸው ተቀብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ሲጠላው የኖረው ጭቅጭቅ የሰውን ነፍስ ሲጠብቅ እንደነበረ አሁን ገባው።

ጋሼ ቀጥ ከአደጋው ተረፉ፤ እንደነበሩ ግን አልተመለሱም። ቃላት ይጠፋባቸዋል። ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሐኪሙ «በጊዜ ብዛት ሊሻላቸው ይችላል» ከማለት ሌላ ቃል አልገባም። ቀያሹ ሊጠይቃቸው ሲገባ ሾርባ እየጠጡ ነበር። ማንኪያው ከአፋቸው ሳይደርስ አዘነበለና ደረታቸው ላይ ፈሰሰ። ሁለቱም ያላዩ መሰሉ።

«ጋሼ» አለ ቀያሹ። «ከመሬት ከፍ የሚል፣ አልጋ ያለው ነበር። ሻጯ አሳይታኝ ነበር። ፍም እንዳይገባም ነግራኛለች። አልነገርኳችሁም። እርስዎንም ምን ይሻልዎታል ብዬ አልጠየቅሁም።»

ጋሼ ቀጥ ቃሉን እየፈለጉ ቆዩ። «ብትጠይቀኝም… መሬት ይሻለኛል ነበር የምልህ።»

«ለምን?»

«አርጅቷል… ከመስክ ይቅር እንዳትሉኝ ፈርቼ።» ሊስቁ ሲሉ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ሄደ። «ሰው ሲጠይቁት… ይዋሻል። ማየት ነው የሚሻለው። አንተ የዘንጉን ቁጥር እንዴት አድርገህ ነው የምታየው! እንደሱ ነው።»

ቀያሹ አቀረቀረ። ሽማግሌው አላበቁም።

«እኔስ… ሌንስ ነበረህ፣ አገኘኸኝ። ያን ቀን አንተ ብትሆን ኖሮስ? እዚያ ሩቅ የተኛኸው አንተ ነህ። ቤትህስ ማን አለ?»

ጥያቄው ነርሷ ከጠየቀችው ሁሉ የከበደ ነበር። ቀያሹ «ማንም» ለማለት አፈረ።

በሚቀጥለው ቀን ንብረት ክፍል ሄዶ ጥቅሎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ምነው፣ ድንኳኑ መጥፎ ነው?» አለች ኃላፊዋ።

«ድንኳኑ ጥሩ ነው። መጥፎው መራጩ ነው።»

ለሚቀጥለው ሥራ ሹፌሩንና በጋሼ ቀጥ ቦታ የሚተካውን ዘንግ ያዥ ይዞ ሱቁ ድረስ ሄደ፤ ሁሉም ጫማቸውን አውልቀው እየተንጋለሉ የየራሳቸውን መረጡ። እንዲተከሉም የወሰነው አንዱ ሲያስል ሌላው በሚሰማበት ርቀት ነው።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ከቤት ርቆ ለሚያድር ሰው መጠለያ የምትገዙ ከሆነ ክብደቱንና ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት የሚተኛበትን ሰው ተመልከቱ። ለጤነኛ ጉልበት ጥቅሉ ጥሩ ነው፤ ለታመመ ጉልበት አልጋ ያለው ይሻላል። አየር መግቢያውን አትዝጉ። «ጭስ የለውም» የተባለ ፍም ሰው ሲገድል ድምፅ እንደሌለው እወቁ። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። ለሌላው ሰላም እንስጠው ብለን ራቅ ስንል፣ አንዳንዴ የምንሸሸው የራሳችንን ኀዘን ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ጥለነው የራቅነው ሰው ይሆናል። ሰው ሲተኛ ትንፋሹን የሚሰማ አንድ ጆሮ ያስፈልገዋል፤ በሜዳም፣ በከተማም።

ቀያሹ ጋሼ ቀጥን ጠይቆ ከሆስፒታል የተመለሰ ዕለት፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ የኪራይ ቤቱን በር ከፈተና ሳይገባ ቆመ። ከግድግዳው ማዶ የልብስ ስፌት መኪና ይሰማል። አንድ ልብስ ሰፊ ይኖራል እዚያ፤ አንድ ግድግዳ ተካፍለው ስሙን እንኳ አያውቀውም። በራፉን ዘግቶ የጎረቤቱን አንኳኳ። የስፌት መኪናው ቆመ። አንገቱ ላይ ሜትር ያንጠለጠለ፣ ራሰ በራ ሰው ብቅ አለ።

«ጎረቤትህ ነኝ» አለ ቀያሹ።

«ውይ! አንተ ትናገራለህ እንዴ? እኔ እኮ ዲዳ ነህ ብዬ በእጄ ነበር ሰላም የምልህ!»

ቀያሹ ሳያስበው ሳቀ። ሳቁ ለራሱ እንግዳ ሆነበት። ከዚያ ሲመጣ ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋበትና እንዲሁ አለ፦ «ብቻዬን ነው የምኖረው። ጠዋት መውጣቴን ካልሰማህ… በሬን አንኳኳልኝ።»

ልብስ ሰፊው መሳቁን ተወ። ከኋላው ክፍሉ ይታያል፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ሲኒ።

«አንኳኳለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «የኔንስ ማን ያንኳኳልኛል?»

«እኔ» አለ ቀያሹ።